የውሰት አባት

በሞያሌ ከሚደረጉት ጋብቻዎች ብዙዎቹ ድንበር ይሻገራሉ። ሙሽራው ከኢትዮጵያ በኩል ይመጣል፣ ሙሽሪት ከኬንያ በኩል ትጠብቃለች፤ ወይም በተገላቢጦሹ። ሽማግሌ ይላካል፣ ጥሎሽ ይቆጠራል፣ ኒካህ ይታሰራል ወይም ቄስ ይባርካል፣ ሰንጋ ይጣላል። ሁለቱ ቤተሰቦች ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ናቸው፤ ለቅሶም ደስታም በጋራ ነው። ከዚህ ሁሉ ወግ ውስጥ የሚጎድለው አንድ ነገር ነው፤ ጋብቻው በየትኛውም መንግሥት መዝገብ ላይ ሳይሰፍር ይቀራል።

ይህን ጉድለት አቅልዬ ማለፍ አልቻልኩም። በአጠገባችን ባለችው ጎዶማም ሆነ በከተማው ከማያቸው ሰዎች የወረቀት ችግር ውስጥ ብዙው ወደ ኋላ ሲፈተሽ መነሻው እዚያ ነው። የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያልያዘች ሴት ለባሏ የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ያቅታታል፤ የልደት ካርድ ያልተቆረጠለት ልጅ 18 ዓመት ሲሞላው አይዲ ለማውጣት በቺፉ፣ በአካባቢው የመንግሥት ሹም፣ ቢሮ በር ላይ ይንከራተታል። ሁለቱም በመጨረሻ የሚሄዱት ወደ ደላላ ነው። ደላላውም ያልነበረ አባት፣ ያልነበረ አያት፣ ያልነበረ ቀበሌ ያመጣላቸዋል። በዚህ ከተማ ስንቱ ሰው የራሱን አባት ትቶ በሌላ ሰው አባት ስም እንደሚኖር ነዋሪው ሁሉ ያውቃል። ዛሬ የምጽፈው ስለዚህ ነው።

በውጭ ሀገር ቋሚ መኖሪያ ስለማግኘት ሲነሳ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሮጠው ወደ አሜሪካ፣ ወደ ካናዳ፣ ወደ አውሮፓ ነው፤ ዲቪ፣ ስፖንሰር፣ ግሪን ካርድ። ለሞያሌ ሰው ግን ውጭ ሀገር ማለት መንገዱን ተሻግሮ ያለው የአክስቱ ቤት ነው። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስበት፣ ከብቱን የሚሸጥበት፣ ልጁን የሚያስተምርበት ነው። ኢትዮጵያና ኬንያ ዜጎቻቸው ያለ ቪዛ እንዲገቡ ከተስማሙ ረጅም ጊዜ ሆኗል። ስለዚህ መግባት አይከብድም። የሚከብደው መኖር ነው፤ ቤት መከራየት፣ ሲም ካርድ በስም ማውጣት፣ የባንክ ሂሳብ መክፈት፣ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ፖሊስ አውቶቡሱን አስቁሞ መታወቂያ ሲጠይቅ እጅን ወደ ኪስ መስደድ።

ድንበሩ ከሕዝቡ በኋላ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1907 (ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በቀር ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በዚሁ አቆጣጠር ነው) በዳግማዊ አፄ ምኒልክ መንግሥትና በእንግሊዝ መካከል የተፈረመው ስምምነት መስመሩን ሲያሰምር አንድ አስተዋይ ነገር ጨምሮ ነበር፤ በመስመሩ ወዲያና ወዲህ የሚኖሩ ጎሳዎች እንደ ቀድሟቸው በሌላኛው ወገን ያለውን ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ የውሃ ጉድጓዶቹም ለሁለቱም ወገን ክፍት እንዲሆኑ ፈቅዷል። ነጻ የወጣችው ኬንያና ኢትዮጵያ ደግሞ ጁን 9 ቀን 1970 ሞምባሳ ላይ የድንበሩን ውል ተፈራረሙ። የ1907ቱን ውል ባሰብኩ ቁጥር የሚቆጨኝ ነገር አለ። የያኔዎቹ መልእክተኞች የቦረናና የገብራ ከብት የት እንደሚጠጣ አስበዋል። የቦረና ልጅ ከወዲያ አግብቶ ከወዲህ ሲወልድ ሕፃኑ የማን እንደሚሆን ግን አላሰቡም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም የከብቱ ጉዳይ ከልጁ ጉዳይ የበለጠ ግልጽ ነው።

በዚህ መስመር ላይ ያልተንቀሳቀሰ ትውልድ የለም። ቡርጂዎች በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ከኢትዮጵያ ወርደው በሞያሌና በማርሳቢት እርሻ አቀኑ፤ ዛሬ ከኬንያ ማኅበረሰቦች አንዱ ናቸው። ፋሽስት ኢጣሊያ ኢትዮጵያን በወረረች ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ወደ ኬንያ ተሰደው በ1937 ኢሲዮሎ ላይ በተቋቋመ ካምፕ ሰፈሩ፤ ኋላም ወደ ታቬታ ተዛወሩ። ደርግ ሲወድቅ የመጡት ሶሎሎ አካባቢ ዋልዳ በተባለው ካምፕ ቆይተው ወደ ካኩማ ተወሰዱ። ማርች 10 ቀን 2018 በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ጥይት ሲገደሉ ደግሞ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሕዝብ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተሻገረ። ያኔ መጠለያው እስኪዘረጋ ድረስ ብዙውን ሰው ያስጠጋው ዘመድ ነው። በአንድ ክፍል ሦስት ቤተሰብ ያደረበት ቤት ነበር። ከእነዚያ ሰዎች አብዛኞቹ ተመለሱ፤ ጥቂቶቹ ግን እዚሁ ቀሩ፣ አገቡ፣ ወለዱ።

ለነዚህና ለመሰሎቻቸው ሕጉ ምን ይላል? እውነቱን ለመናገር የኬንያ ሕግ ሰው እንደሚያወራው ክፉ አይደለም። በ2011 የወጣው የዜግነትና የኢሚግሬሽን ሕግ በአንቀጽ 37 ቋሚ መኖሪያ ማግኘት የሚችሉትን ይዘረዝራል። የኬንያ ዜጋ አግብቶ ሦስት ዓመት የሞላው ሰው ማመልከት ይችላል። ቢያንስ ሰባት ዓመት የሥራ ፈቃድ ይዞ የቆየና ከማመልከቻው በፊት ያሉትን ሦስት ዓመታት ሳያቋርጥ ኬንያ የኖረ ሰውም ይችላል። በትውልድ ኬንያዊ ለነበረና ዜግነቱን ለተወ፣ እንዲሁም ከኬንያዊ ወላጅ ውጭ ሀገር ተወልዶ በሌላ ሀገር ሕግ ምክንያት ጥምር ዜግነት መያዝ ላልቻለ ልጅ በሩ ክፍት ነው። ከዚህ አልፎ የ2010ሩ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 15 ለሰባት ዓመት በጋብቻ የቆየ የውጭ ሀገር ሰው በምዝገባ ዜጋ እንዲሆን ይፈቅዳል።

ይህ ሕገ መንግሥት ለሞያሌ ሴት ያደረገውን ነገር ደግሞ ሰው በቅጡ አልተረዳውም። ቀድሞ ኬንያዊ ሴት ለውጭ ሀገር ባሏ ዜግነት ማስተላለፍ አትችልም ነበር፤ ኬንያዊ ወንድ ግን ለሚስቱ ይችል ነበር። ልጇም ከድንበር ወዲያ ከተወለደ የእናቱ ኬንያዊነት አይቆጠርለትም ነበር። እዚህ ደግሞ ምጥ ሲይዝ የሚቀርበው ሐኪም ቤት ከወዲያ ሊሆን ይችላል፤ አማቷ የምታርሳት እዚያ ከሆነ እዚያ ትወልዳለች። ጥቂት መቶ ሜትሮች የልጁን ዕድሜ ልክ ወሰኑ ማለት ነው። ከኦገስት 27 ቀን 2010 ወዲህ ግን አባት ሆነ እናት፣ ከሁለት አንዱ ኬንያዊ ከሆነ ልጁ የትም ይወለድ በትውልድ ኬንያዊ ነው። አንቀጽ 14 ይህ መብት ከዚያ ቀን በፊት ለተወለዱትም እንደሚሠራ በግልጽ ይናገራል። ዛሬ ዕድሜያቸው ሠላሳና አርባ ሆኖ ራሳቸውን እንደ ባዕድ የሚቆጥሩ፣ እናታቸው ግን የኬንያ አይዲ ይዛ የሞተች ሰዎች በዚህ ከተማ አሉ። ማንም አልነገራቸውም።

እንግዲህ በሩ ካለ ለምን በመስኮት ይገባል? አንደኛው ምክንያት ከላይ ያልኩት ነው። ሦስት ዓመት አግብቼ ኖሬአለሁ የሚል ሰው ሦስቱ ዓመት ከመቼ እንደሚጀምር ማስረጃ ይጠየቃል። ኬንያ በ2014 ያወጣችው የጋብቻ ሕግ ባህላዊውንም፣ እስላማዊውንም፣ ክርስቲያናዊውንም ጋብቻ እኩል ያውቃል፤ መመዝገብ አለባቸው ይላል። በባህል የተጋቡ ሰዎች ሥርዓቱ በተፈጸመ በሦስት ወር ውስጥ ለመዝጋቢው ማሳወቅ አለባቸው። ይህን የሚያውቅ ሙሽራ ገና አላጋጠመኝም። ኒካሁን ያሰረው ሼክ ምስክር ናቸው፣ ሽማግሌዎቹ ምስክር ናቸው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ምስክር ነው። የኢሚግሬሽን መኮንን ግን ሼኩን አያውቃቸውም፤ የሚያውቀው ማኅተም ነው።

እንጀራ የምትሸጥ አንዲት እናት አውቃለሁ። ከኢትዮጵያ በኩል መጥታ ለኬንያዊ የተዳረችው በልጅነቷ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ልጆቿ ሁሉ ኬንያውያን ናቸው፤ እሷ ግን ዛሬም በየትኛውም መዝገብ የለችም።

«እናቴ፣ ጋሼ በሕይወት እያሉ ለምን አላስመዘገቡትም?» አልኳት።

«ልጄ፣ ተጋብተን ሰባት ወለድን፤ ከዚህ ወዲያ ምን ምዝገባ አለ?» አለችኝ።

ለእሷ መልስ አልነበረኝም። እንደ ሰው ልክ ናት። ባሏ ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን ሁለቱም አብረው መዝጋቢ ፊት ቢቆሙ ኖሮ ግን ዛሬ ልጇን ለመጠየቅ ናይሮቢ መውረድ አያስፈራትም ነበር። በመንገዱ ላይ ስንት ቦታ እንደሚፈተሽ ስለምታውቅ የልጅ ልጆቿን የምታያቸው በስልክ ነው። ከኢሲዮሎ እስከ ሞያሌ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው አስፋልት ሲያልቅ ሁላችንም ናይሮቢ ቀረበች ብለን ተደሰትን። ለእሷ አልቀረበችም።

ሁለተኛው ምክንያት ደላላ ነው። ደላላ እንደ ወንዝ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። መጀመሪያ ቀላል ነው ይላል፤ አንድ ቤተሰብ አለ፣ ልጃቸው ገና በሕፃንነቱ ሞቷል፣ የልደት ካርዱ አለ፣ አንተ በዚያ ስም ትገባለህ። ወይም ደግሞ ልጅ ያልወለዱ አዛውንት አሉ፣ ልጄ ነው ብለው ቺፉ ፊት ይቆማሉ፤ የሚከፈላቸው የአንድ ፍየል ዋጋ ነው። ወጣቱ ያኔ የሚያስበው የነገውን ሥራ ነው። የአባቱን ስም ለጊዜው ያስቀመጠው ይመስለዋል።

ለጊዜው የሚባል ስም ግን የለም። እኛ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም፤ ያለን የአባትና የአያት ስም ነው። አንድ ሰው የአባቱን ስም ሲቀይር ልጁ አያቱን ያጣል፤ የልጅ ልጁ ከናካቴው ሌላ ትውልድ ነው። ቦረናም ሶማሌም ዘሩን ወደ ኋላ ቆጥሮ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የውሰት አባት ያላቸው ሁለት ልጆች ነገ ሲፈላለጉ የወረቀቱ ዘር አንድ ነገር ይላል፣ የደሙ ዘር ሌላ። ሽማግሌዎች በዚህ ነገር ሲጨነቁ አይቻለሁ፤ ጭንቀታቸው ተራ አይደለም።

የባሰው ጉዳት የሚታየው ደግሞ ሰውየው ሁለተኛ ጊዜ ሀገር መሻገር ሲፈልግ ነው። በምዕራቡ ዓለም ቋሚ መኖሪያ ከሚገኝባቸው መንገዶች ዋነኛው ቤተሰብ ነው። አሜሪካ ዜጋ የሆነ ሰው ወንድሙንና እህቱን፣ እናትና አባቱን፣ ልጆቹን የሚያመለክትበት ሥርዓት አላት፤ ካናዳም የትዳር ጓደኛንና ወላጅን በስፖንሰር ትቀበላለች። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ ዝምድናውን የሚያሳይ፣ እርስ በርሱ የሚስማማ ወረቀት። አንድ የማውቀው ሰው ሚኒሶታ ያለች ታላቅ እህቱ ስታመለክትለት ወረቀቱ ላይ እህትና ወንድም አልነበሩም። የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ናቸው፤ እሷ በእውነተኛ አባቷ ስም ሄዳለች፣ እሱ ኬንያ ውስጥ በተገዛ አባት ስም ይኖራል። ቃሉን ቢያቃና ኬንያ ውስጥ በሐሰት መታወቂያ ይጠየቃል፤ ባያቃና እህቱን ያጣል። ፋይሉ ቆመ። ሥራ ለማግኘት የገዛው ወረቀት የራሱን ሥጋ ቆረጠበት።

ይህ ችግር ወደፊት እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አይሄድም። ኬንያ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ማይሻ ካርድ የተባለውን አዲስ መታወቂያ እየሰጠች ነው፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ፋይዳን ሕጋዊ አድርጋ የነዋሪውን የጣት አሻራና የዓይን ምስል እየመዘገበች ነው። ፋይዳ የነዋሪነት መታወቂያ እንጂ የዜግነት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሰው ይህን ያምታታዋል። ነገር ግን አንድ ጣት ከወዲህ በአንድ ስም፣ ከወዲያ በሌላ ስም ተመዝግቦ ስንት ዘመን ይቆያል? ሁለቱ መዝገቦች አንድ ቀን የተነጋገሩ ዕለት ምን እንደሚሆን ማሰብ ለሚመለከተው ሰው የዛሬ ሥራ ነው። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 17 በማታለል ወይም እውነትን በመደበቅ የተገኘ ዜግነት ሊሰረዝ እንደሚችል ይደነግጋል። በሕጋዊ መንገድ ሦስት ዓመት ጠብቆ ቋሚ መኖሪያ ያገኘን ሰው ግን ይህ ስጋት አያሳድደውም።

ስለ ገንዘቡ በር ብዙ የምለው የለኝም፤ የእኛ በር አይደለምና። ኬንያ ውስጥ በራሱ ንግድ መሥራት የሚፈልግ የውጭ ሀገር ሰው ክላስ ጂ የሚባለውን ፈቃድ ይጠይቃል፤ ቢያንስ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ማሳየት አለበት። በሞያሌ ገበያ ጫት፣ ቡና፣ በቆሎ፣ ከብት፣ የቤት ዕቃ የሚያመላልስ ነጋዴ ሀብቱ በእጁ ላይ የሚዞር ነው። መቶ ሺህ ዶላር በአንድ ባንክ አስቀምጦ ይኸው የሚል ካለ በጣት የሚቆጠር ነው። የተቀጣሪው ክላስ ዲ ደግሞ ሥራው በኬንያዊ ሊሠራ እንደማይችል ቀጣሪው እንዲያስረዳ ያስገድዳል፤ ለመካኒክና ለሾፌር ይህን የሚያደርግ አሠሪ ከየት ይመጣል? እዚህ ያለው ጥብቅነት ግን የኬንያ ብቻ አይደለም። በገንዘብ መኖሪያ የሚሸጡ የአውሮፓ ሀገሮችም በራቸውን እየዘጉ ነው። ስፔን ቤት ለገዛ ባለሀብት የምትሰጠውን ፈቃድ በኤፕሪል 2025 አስቀረች፤ በዚያው ወር መጨረሻ የአውሮፓ ፍርድ ቤት ማልታ በገንዘብ ዜግነት መስጠቷን ሕገወጥ ነው ብሎ በየነ። እኔም በዚህ ውሳኔ እስማማለሁ። አንድ ሰው የአንድ ሀገር ሰው የሚሆነው እዚያ በመኖር፣ በመሥራት፣ በመውለድ፣ በመቅበር ነው። በዚህ መለኪያ ከሄድን ደግሞ ከሞያሌ ሰው በላይ መስፈርቱን የሚያሟላ የለም።

የስደተኛው ጉዳይ ለብቻው መነሳት አለበት። በ2021 የወጣው የኬንያ የስደተኞች ሕግ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ከሆኑ ሀገሮች የመጣ ስደተኛ ከፈለገ የስደተኝነት መብቱን ትቶ እንደ ማኅበረሰቡ ዜጋ በኬንያ መኖርና መሥራት የሚችልበትን መንገድ ከፍቷል። ደቡብ ሱዳን፣ ኮንጎ፣ አሁን ደግሞ ሶማሊያ በዚህ ማኅበረሰብ ውስጥ ናቸው። ኢትዮጵያ የለችበትም። ስለዚህ በአንድ ካምፕ ጎን ለጎን ለዓመታት ከኖሩ ሁለት ሰዎች አንዱ አማራጭ ሲያገኝ ኢትዮጵያዊው የስደተኝነት ወረቀቱን፣ ማንዴቱን፣ ይዞ ይጠብቃል። የአዲስ አበባ ሰዎች ስለዚህ ማኅበረሰብ ሲነጋገሩ ስለ ቀረጥና ስለ ገበያ ብቻ እንዳይሆን እለምናለሁ፤ በካኩማና በናይሮቢ ኢስሊ ለሚኖር ዜጋቸው ከገበያው በፊት የሚመጣ ጥቅም አለው።

ከዚህ በታች የምጽፈውን መጻፍ ይከብደኛል፤ ግን ሳልጽፈው አልሄድም። ሞያሌ መኖሪያ ብቻ አይደለችም፤ መተላለፊያም ናት። ከሐዲያ፣ ከከምባታ፣ ከወላይታ የሚነሱ ወጣቶች ደቡብ አፍሪካ ለመድረስ በዚህ ያልፋሉ። በማርች 2020 ሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት ውስጥ አንድ የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ተነገረ። በዲሴምበር 2022 ዛምቢያ ንግዌሬሬ በተባለ ቦታ 27 አስከሬን በመንገድ ዳር ተጥሎ ተገኘ። ወደ ደቡብ ከሚወስዱት በሮች ትልቁ የእኛው ነው። እዚህ ያደሩበት ቤት አለ፤ ሌሊት ያሻገራቸው ቦዳ ቦዳ አለ፤ ምግብ አቀብሎ ከዋጋው አሥር እጥፍ የተቀበለ ሰው አለ። ቤቱን ያከራየውም፣ ሞተሩን የነዳውም የእኛው ሰፈር ሰው ነው። እኔ ይህን የምለው ለፖሊስ ለመጠቆም አይደለም። ስማቸውን የማናውቃቸው ልጆች በደጃችን ሲያልፉ «ወዴት ነው?» ብሎ የሚጠይቅ፣ ወደፊት ያለውን የሚነግር አንድ ሰው እንዲኖር ነው። ያለ ፈቃድ የተያዘ ሰው በኬንያ ሕግ እስከ ሦስት ዓመት ሊታሰር እንደሚችል እንኳ የሚነግራቸው የለም።

የመታወቂያ መከራ የመጤው ብቻ አለመሆኑንም ማንም ሊዘነጋው አይገባም። እዚሁ የተወለደ፣ አያቱ እዚሁ የተቀበረ ኬንያዊ ቦረና፣ ገብራ፣ ገሪ፣ ሶማሌ አይዲ ሲያወጣ የናይሮቢ ልጅ የማይጠየቀውን ይጠየቅ ነበር። በሽማግሌዎች ቡድን ፊት ቆሞ ማንነቱን ያስረዳ ነበር፤ ቬቲንግ ይሉታል። በ1989 የኬንያ ሶማሌዎች ለብቻቸው ተለይተው ተጨማሪ ሮዝ ካርድ እንዲይዙ የተደረጉበትን ጊዜ ትልልቆቹ አልረሱትም። ፕሬዚዳንት ዊልያም ሩቶ በፌብሩዋሪ 2025 ዋጂር ላይ ይህ ልዩ ማጣሪያ እንዲቀር አስታውቀዋል። ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ማጣሪያው ሲላላ ደላላው ገበያ ያገኛል ብለው የሚሰጉም አሉ፤ ስጋታቸው ከንቱ አይደለም። የሐሰት አባት የገዛ ሰው በበዛ ቁጥር በእውነተኛ አባቱ ስም የሚቆመው የሞያሌ ልጅ ይጠረጠራል። የሐሰቱ ወረቀት ዋጋ የሚከፈለው በገዛው ሰው ብቻ አይደለም።

በእውነተኛ ስማቸው ቆመው የተሳካላቸው ሰዎች እዚሁ ኬንያ ውስጥ አሉ። ከሞዛምቢክ መጥተው በባሕር ዳርቻው ለብዙ ዘመን አገር አልባ ሆነው የኖሩት ማኮንዴዎች በኦክቶበር 2016 ከክዋሌ ተነስተው በእግር ወደ ናይሮቢ ጉዞ ጀመሩ፤ ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ ተቀብለዋቸው መታወቂያ እንዲሰጣቸው አዘዙ፤ የኬንያ 43ኛ ጎሳ ተባሉ። ከዚምባብዌ በኩል የመጡት ሾናዎች ቀጠሉ፤ በ2023 ደግሞ የፔምባ ሰዎች። አንዳቸውም ሌላ ሰው ነን አላሉም። ማኮንዴ ነን፣ እዚህ ኖረናል፣ እዚህ ወልደናል ነው ያሉት። በሞያሌ ያለን አማርኛ ተናጋሪዎችም ሌሎቹም ከዚህ የምንወስደው ነገር አለ፤ ተደብቆ በየግል ከመግዛት ተሰብስቦ በግልጽ መጠየቅ ጊዜ ቢፈጅም ይሻላል።

ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮች አሉ፤ ከአቅም በላይም አይደሉም። በዲሴምበር 2020 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድና ፕሬዚዳንት ኡሁሩ ኬንያታ የመረቁት የሞያሌ የጋራ ድንበር ጣቢያ የሁለቱንም ሀገር መኮንኖች በአንድ ግቢ ያሠራል። ለጭነት መኪናና ለቀረጥ የሚሆን መረጃ እዚያ ሞልቷል። አግብቶ ለሚሻገር ሰው ምን ወረቀት እንደሚያስፈልገው የሚናገር አንድ ሰሌዳ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በስዋሂሊ ቢለጠፍ ምን ያህል ሰው ከደላላ እጅ ይወጣ ነበር! የጋብቻ መዝጋቢውም በዓመት ጥቂት ቀን ወደ ሞያሌ ቢመጣ፣ ሼኮቹ፣ ቄሶቹና የባህል ሽማግሌዎቹ ጋብቻ ባስፈጸሙ ቁጥር ቀኑንና የምስክሮቹን ስም የሚያሰፍሩበት ደብተር ቢይዙ፣ ከዓመታት በኋላ ለሚነሳ ጥያቄ ማስረጃ ይሆናል። ካዲው የሚሰጠው የኒካህ ምስክር ወረቀትም በቤት ሣጥን ውስጥ የሚረሳ ሳይሆን ቅጂው በሁለቱም ቤተሰብ እጅ የሚቀመጥ መሆን አለበት።

ከኢትዮጵያ በኩል ያለው ደግሞ ከሁሉ ይበልጥ ያስቸኩላል። የኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነን ልጅ ኢትዮጵያዊ ያደርገዋል። በዚያው አዋጅ አንቀጽ 20 ግን ከውጭ ሀገር ወላጅ በመወለዱ ወይም ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ፣ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደመረጠ ካላስታወቀ፣ በፈቃዱ እንደተወው ይቆጠራል። ኬንያ ጥምር ዜግነት ትፈቅዳለች፤ ኢትዮጵያ አትፈቅድም። ይህ ማለት የድንበር ተሻጋሪ ጋብቻ ልጅ ሁሉ በ18ና በ19 ዓመቱ መካከል ከባድ ውሳኔ አለበት ማለት ነው፤ አብዛኞቹ ደግሞ ውሳኔው እንዳለባቸው ሳያውቁ ዓመቱ ያልፋል። ኢትዮጵያዊነቱ ያለፈበት ልጅ ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ ከነበረ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ የምንለውን፣ መጠየቅ ይችላል፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ መምረጥና መመረጥ ግን አይፈቀድለትም። ይህን ለማግኘትም ቢሆን ያቺ አያት በእውነተኛ ስሟ በሆነ ወረቀት ላይ መገኘት አለባት።

ዘንድሮ በሞያሌ ትምህርት ቤቶች ፎርም ፎር የሚጨርሱ ልጆች አሉ። ከእነሱ ውስጥ አንድ ወላጁ ከወዲያ የሆነ ልጅ ያላችሁ፣ ልጁ 18 ሳይሞላው የልደት ካርዱን፣ የእናቱንና የአባቱን መታወቂያ፣ የጋብቻ ወረቀቱን አንድ ላይ አድርጉ። የጋብቻ ወረቀት ከሌላችሁ ሁለታችሁም በሕይወት እያላችሁ መዝጋቢ ፊት ቁሙ፤ ያገባችሁት ከሃያ ዓመት በፊት ቢሆንም አትፈሩ። ሽማግሌዎቻችሁ ገና አሉ፤ ይዛችኋቸው ሂዱ።